ሠርክአዲስ ያጠፋችው መልእክት

ጅጋ ከተማ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሠርክአዲስ የምትባል ሴት የሞባይል ካርድ የምትሸጥበትና የገበሬ ስልክ ቻርጅ የምታደርግበት የቆርቆሮ ሱቅ አላት። ሱቅ የሚባለው ለማክበር ያህል ነው እንጂ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ ይቀራል። አርባን ተሻግራለች፤ አላገባችም፤ ላለማግባቷም ከተማው የየራሱ ምክንያት አለው። ስሟ ከቡሬ እስከ ማንኩሳ የሚነሳው ግን በሌላ ነገር ነው፤ የአጭበርባሪ መልእክት በማወቅ።

ሙያውን የተማረችው ተታላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ደውሎ የስልክ ድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ አላት። "የነጻ ኢንተርኔት ሽልማት ደርሶሻል፤ አሁን በስልክሽ የሚገባውን ስድስት ቁጥር ንገሪኝ።" ነገረችው። ሰውየውም በዚያው ቁጥር ቴሌግራሟን ነጥቆ፣ በእሷ ስም ዘመዶቿን ሁሉ "ታምሜ ተኝቻለሁ፣ ድረሱልኝ" እያለ ለመናቸው። ቡሬ ያለች አክስቷ በግ ሸጣ ላከችለት። ሠርክአዲስ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚመጣን ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመረች፤ ያየችውንም ለሰው ማሳየት።

በገበያ ቀን ገበሬው እህሉን ካራገፈ በኋላ ስልኩን ይዞ ይመጣል። እሷ ታነባለች፣ ታስረዳለች፣ ትቆጣለችም። "ይዩት አባባ፣ ድርጅት ከሆነ በግለሰብ ቁጥር ምን አስጻፈው? ይኸን ሰማያዊ ጽሑፍ እንዳይነኩት። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅዎትን ሰው ወንድምዎ ቢሆን እንኳ አይንገሩት።" ብዙ ሰው አድናለች፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ክፋቱ ምስጋናውን መልመዷ ነው። እያደር መልእክቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ተወች። "ስልክዎ ሊዘጋ ነው" ብሎ ከጀመረ የቀረውን በቃሏ የምታውቀው መሰላት።

እትዬ እናትነሽ የመጡት እንዲህ ባለ የገበያ ቀን ነበር። አገራቸው ቋሪት፣ ከገበዘ ማርያም ወዲህ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ያላቸው ልጅ አዛናው ብቻ ነው፤ እሱም ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ መተማ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሲሄድ ለእናቱ በራሱ መታወቂያ ሲም አወጣላቸውና ቁጥሩን በቃሉ ይዞ ወረደ። ለራሱ ስልክ የለውም። በሁለት በሦስት ወሩ ባገኘው ሰው ስልክ ይደውላል፤ "እማዬ፣ ደኅና ነኝ" ይላል፤ ይዘጋል። ከዚያች ቁጥር በቀር የሚያውቀው ሌላ ቁጥር የለም።

እትዬ እናትነሽ ስልኩን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጧት። "ልጄ፣ እስቲ እይልኝ፤ ሲጮኽብኝ ነበር።"

በሩ ላይ አምስት ሰው ተራ ይጠብቃል። ሠርክአዲስ የመጀመሪያውን መስመር አየች፤ ቁጥሩ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንደሚዘጋ ይናገራል። "ሌቦች ናቸው፤ አይስሟቸው" አለችና፣ አሮጊቷ ዳግመኛ እንዳይደነግጡ ብላ መልእክቱን አጠፋችው።

"አይዘጋም በይኛ?"

"ምን በወጣው።"

መርቀዋት ሄዱ።

ዝቅ ብላ ብታነብ ኖሮ መልእክቱ ከእውነተኛው ድርጅት መምጣቱን ታውቅ ነበር። የሚነካ ጽሑፍ የለውም፤ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም፤ የላከውም የግለሰብ ስልክ አልነበረም። የባለቤቱ መረጃ አልታደሰምና መታወቂያ ይዘው ቅርንጫፍ ይቅረቡ ነው የሚለው። ያኔ ቢቀርቡ በቀበሌ ደብዳቤ ቁጥሩ ወደ ስማቸው ይዞር ነበር።

መልእክቱ ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ሁለተኛውን ጎረቤታቸው መሪጌታ ባምላኩ አንብበው፣ "መታወቂያዎን ይያዙና ፍኖተ ሰላም ይውረዱ" ብለዋቸው ነበር። እትዬ እናትነሽ ሳቁባቸው። "ሠርክአዲስ ሌቦች ናቸው ብላኛለች። እርስዎ የቅኔውን ይንገሩኝ፤ የስልኩን እሷ ታውቃለች።"

ስልኩ ዝም ሲልም አልደነገጡም። በዚያ አገር ኔትዎርክ ሳምንትም ወርም ይጠፋል፤ ሁሉም ለምዶታል። የጎረቤት ስልክ እየጮኸ የእሳቸው ብቻ ዝም ማለቱን ልብ እስኪሉ ድረስ ወራት አለፉ። ጅጋ ተመልሰው ሲመጡ ሠርክአዲስ ሲሙን አውጥታ በራሷ ስልክ ሞከረችው። አልሠራም። ያን ጊዜ ያጠፋችው መልእክት ትዝ አላት።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ የተከፈተ ቀን ሱቋን ዘግታ፣ አሮጊቷን ይዛ ፍኖተ ሰላም ሄደች። ቅርንጫፉ ውስጥ የተቀበለቻቸው ዮርዳኖስ የምትባል ትሑት ሠራተኛ ነበረች። ኮምፒውተሯን አይታ፣ "እናቴ፣ ጊዜው ስላለፈ ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል" አለቻቸው። "ሦስት ጊዜ መልእክት ልከንልዎት ነበር እኮ።"

እትዬ እናትነሽ ዞር ብለው ሠርክአዲስን አዩዋት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ወጥተው ከግድግዳው ሥር ተቀመጡና ሠርክአዲስ በራሷ ስልክ ቁጥሩን ደወለች። አንዲት ሴት አነሣች። ማንነቷን አልናገር ብላ ብዙ ተከራከረች፤ ሠርክአዲስ ነገሩን ከሥሩ ስታስረዳት ግን ለዘብ አለች። "አንድ ልጅ እማዬ እያለ ይደውልልኝ ነበር" አለች። "ተሳስተሃል ብዬ ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ። ይኼ የእናቴ ስልክ ነው፣ እናቴ የት ሄደች ብሎ አለቀሰ። አጭበርባሪዎች አልቅሰው ነው የሚገቡት ሲባል ሰምቼ ተቆጣሁት። የደወለበትንም ቁጥር አጠፋሁት።"

"መቼ ነበር?"

"ከፋሲካ በፊት።"

"ከዚያ ወዲህስ?"

"አልደወለም።"

ሠርክአዲስ ሴትየዋን ለመውቀስ ምን አፍ አላት። ከደወለ የእኔን ቁጥር ስጪልኝ ብላ ለምና ዘጋች። ለእትዬ እናትነሽም ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳታነብ ማጥፋቷንም ጭምር።

አሮጊቷ መጀመሪያ የሰሙት አንዱን ብቻ ነበር። "በሕይወት አለ በይኛ" ብለው ተነሡ፤ ፊታቸው በርቶ አማተቡ። ከዚያ ሠርክአዲስን ጠየቁ።

"እናቴ የት ሄደች ብሎ አለቀሰ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ተመልሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እንግዲያ ሙታለች ብሎ እርሙን አውጥቷል" አሉ። "ከእንግዲህ ወደ ማን ብሎ ይመጣል።"