የልጄ ደም ከማን ወገን ነው?

በዚያ የረሃብ ዘመን ከጎንደር ቆላ ተሻግረን ገዳሪፍ አጠገብ መጠለያ ስንገባ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። በመጠለያው የሚታደለው ገንፎ የሌላውን ልጅ ሁሉ ሲያነሳ እሷ እንደ ገረጣች ቀረች፤ ሆዷም በግራ በኩል እያበጠ ሄደ። ለደም ማነስ የተሰጣት ክኒን አልረዳትም።

አማቴ ምክንያት አላጣችም። አባቴ ማጭድና ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። «የቀጥቃጭ ልጅ ዐይኗ ይበላል» አለች። ከዚያ ወዲያ ልጄ ስትበላ ነጠላ ይጋረድባታል፤ የምታጎርሳት የባሌ እህት ናት፤ እኔ ፊቴን አዙሬ እቀመጣለሁ። ባሌ እያየ ዝም ይላል። እኔም በልቤ «እውነት ቢሆንስ?» እያልሁ እፈራ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አማቴ ከሞተች በኋላ ልጄ ልታገባ ስትል፣ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ሕመሟ ወደምትወልዳቸው ያልፍ እንደሆነ ለማወቅ የእሷን፣ የእኔንና የባሌን ደም ወስዶ ካርቱም ላከ። ውጤቱን ልንሰማ ስንሄድ የባሌ እህት ሳትጠራ ተከተለችን።

ሐኪሙ በዐረብኛ ይናገራል፣ ልጄ በአማርኛ ትነግረናለች። ደም የሚሠራበት መመሪያ ዲኤንኤ በሚሉት ላይ ተጽፏል፤ የልጄ መመሪያ ስሕተት የለበትም። የተበላሸችው ከመመሪያው ፊት ያለች ትንሽ ቁራጭ ናት። እንዲህ ያለውን ቁራጭ ድሮ ሐኪሞቹ ራሳቸው ጥቅም የለውም ይሉት ነበር አሉ። ሥራዋ ግን ምን ያህል ደም ይሠራ የሚለውን ማዘዝ ነው። የልጄም ቁራጭ ታዛለች፣ ግን ጥቂት ብቻ። ደሟ የሚያንሰው ለዚህ ነው፤ ቁራጯ ማዘዝ ጨርሶ ስላላቆመች ደግሞ ልጄ ተርፋለች።

«ከእናቷ ነዋ» አለች የባሌ እህት።

«ከሁለቱም ነው፣ አክስቴ። ከአንዳቸው ብቻ ብወርስ እንዲህ አልታመምም ነበር።»

«የወንድሜ ዘር ንጹሕ ነው።»

ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠየቀ፤ ልጄ ነገረችው። «ኻልቲ» አላት እየሳቀ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፤ «የወንድምሽ እኅት ነሽና አንቺንም ብንመረምርሽ ሊገኝብሽ ይችላል።» የባሌ እህት ክንዷን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ዞሬ ባሌን አየሁት። «እኔስ ምን አልሁ?» አለ።

«ምንም። ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አላልህም» አልሁት።

ሐኪሙን ከሁለታችን መሆኑን እንዲደግምልኝ ለመንሁት። ደገመልኝ፤ እግዜር ይስጠው። ስንወጣ ሰውነቴ ቀልሎኝ ከልጄ ጋር ወደ አውቶቡሱ ሄድን። ባሌና እህቱ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ አልጠበቅኋቸውም።