«ይተነፍሳል» ያለው ጨርቅ ቆራጭ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ጨርቅ ቆራጩን በስሙ የምትጠራው የቢሮው ጸሐፊ ብቻ ነበረች። ሌላው ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያንኑ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ ተደግፎ ሠርቷል። የተደራረበ ጨርቅ ባንድ ጊዜ ሲቆርጥ እጁ አይስትም፤ አፉም የማይስት ይመስለው ነበር። ማሽን ሲቆም ምክንያቱን የሚያውቀው እሱ፣ የሰው ልጅ ሲያስል መድኃኒት የሚያዘው እሱ። ቅጽል ስሙ ለፌዝ እንደወጣለት ባይጠፋውም ደስ ይለው ነበር።

ፋብሪካው ከየክፍሉ አንዳንድ ሰው መርጦ የሁለት ቀን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ሲያዘጋጅ፣ ከጨርቅ ቁረጣና ከልብስ ተኩስ ክፍል የተመረጠው እሱ ሆነ። አሠልጣኟ ነርስ በምግብ አዳራሹ ወለል ላይ ወገቡ ድረስ ብቻ ያለ የላስቲክ ሰው አጋድማ፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫኑ አሳየች። የሱ ተራ ሲደርስ «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ደግሞ ሚስቴ ሰምታ ማን ላይ ነው የተደፋኸው ብትለኝስ?» አለና አዳራሹን አሳቀው። ነርሷ ወደሚቀጥለው ነገር አለፈች፤ እሱ ግን ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ጨዋታውን ቀጠለ። በሁለተኛው ቀን እንደማንኛውም ሰው የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። ፎቶውም ከስሙና «የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ» ከሚል ጽሑፍ ጋር የክፍላቸው በር ላይ ተለጠፈ።

አራት ወር ቆይቶ አንድ ቀን፣ ከምሳ እንደተመለሱ፣ ልብስ ተኳሹ ካውያውን አስቀመጠና ደረቱን ይዞ ወደቀ። ከሊቁ ጋር ጎን ለጎን ሲሠሩ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ያንዱ ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ሌላው አብሮ የሚያድር ወዳጆች ነበሩ። ሠራተኛው ክብ ሠርቶ ቆመና ዓይኑን ሊቁ ላይ ጣለ።

ተንበረከከ። ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው፣ በስሙ ጠራው፤ መልስ የለም። ከዚያ ከወደቀው ሰው ጉሮሮ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ሊቁ እፎይ አለ።

«ይተነፍሳል» አለ። «ማንም እንዳይነካው። አየር ይግባለት።»

አምቡላንስ አስጠራ፣ መስኮት አስከፈተ፣ ውሃ አስመጣ። የታዘዘው ሁሉ ወዲያው ተፈጸመ፤ ሰው አምኖት ነበርና።

ከኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን እንደያዘች ሰው እየገፋች መጣች። ሊቁን ብዙ ዓመት ትበልጠዋለች። ሥልጠናው ሲሰጥ አዳራሹን የምታጸዳው እሷ ስለነበረች፣ ሥራዋን ጨርሳ በሩ ጥግ ቆማ ስታዳምጥ ነበር።

«እሱ እኮ ትንፋሽ አይደለም» አለች። «አልፎ አልፎ እንዲህ ሲያንኮራፋ ልቡ ቆሞም ሊሆን ይችላል ብላለች ነርሷ። ደረቱን መጫን ነው።»

«አንቺ ወደ መወልወያሽ ሂጂ» አላት። «የሠለጠንኩት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ቆመች። የማንኮራፋቱ ድምፅ እየተራራቀ ሄዶ ጠፋ፤ የሰውየው ከንፈር ጠቆረ። ያኔ ሊቁን በትከሻዋ ገፍታ ተንበረከከች። አንዱን መዳፏን ደረቱ መሀል አድርጋ ሌላውን ደረበችበት፤ ክንዷን ቀጥ አድርጋ፣ ጮክ ብላ እየቆጠረች፣ በኃይልና በፍጥነት ትጫን ጀመር። ሲደክማት ለሁለት ልብስ ሰፊዎች አሳይታ አፈራረቀቻቸው። ሊቁ «አምቡላንሱን ልቀበል» ብሎ ወጣ። በሩ ላይ አምቡላንሱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበር።

የሕክምና ባለሙያዎቹ ደርሰው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ልቡን መቱት፤ ልቡ ተመለሰ።

ከሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ ሊቁን አመሰገነ። ነገሩን በወሬ እንጂ በዓይኑ አላየም፤ በር ላይ የተለጠፈውን ስም አንብቦ ነው። ያዩት ሁሉ በይሉኝታ ዝም አሉ። ተጨበጨበ። ሊቁ ጎንበስ ብሎ ምስጋናውን ተቀበለ፤ ቀና ሲል የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ወለሉን ስታይ አያት።

ልብስ ተኳሹ ከሆስፒታል ሲወጣ ሊቁ ቤቱ ሊጠይቀው ሄደ። ሚስትየው ደጅ ላይ አገኘችውና ሐኪሙ ያላትን ነገረችው፤ መጀመሪያ ላይ ደም ወደ አንጎሉ ሳይደርስ የቆየባቸው ደቂቃዎች የማስታወስ ችሎታውን ጎድተውታል። ትኩስ ካውያ ከእንግዲህ አይዝም። ሊቁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ይተነፍሳል ብዬ ሰው ያስቆምኩት እኔ ነኝ» አለው። «ሴትየዋ እየነገረችኝ አባረርኳት።»

ወዳጁ በጥሞና ሰማው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም «የቷ ሴትዮ?» አለ።

ሊቁ እንደገና ጀመረ። ወዳጁም እንደገና ረሳው። ያንኑ ኃጢአት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው እያጠረ በሚሄድ ቃል፣ ተናገረ። ሚስትየው ሦስቱንም ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ሲወጣ «ለሱ የነገርከውን እዚያም ንገራቸው» ብቻ አለችው።

ነገራቸው። ሥራ አስኪያጁ ፊት፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት። ፎቶው ከበሩ ተነሥቶ የጽዳት ሠራተኛዋ ፎቶ ተተካ፤ በሚቀጥለው ሥልጠና እሱ ራሱ ጠይቆ ገባ፣ ወለሉ ላይም እንደ ሌላው ተንበረከከ። ለሴትየዋ «ይቅር ይበሉኝ» ሲላት፣ መጥረጊያዋን ሳታስቀምጥ፣ «ቶሎ ልገፋህ ሲገባኝ ቆሜ ያንተን ቃል ጠበቅኩ። እኔንም እንቅልፍ ነሥቶኛል» አለችው።

ዛሬም በየእሑዱ ወዳጁን ሊያይ ይሄዳል። ልብስ ተኳሹ በሩ ሲከፈት ፊቱ ይበራል፤ «ምነው ጠፋህ?» እያለ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ሊቁ የነገረውን አያስታውስም። ሚስትየው ለሊቁ ወንበር ታቀርባለች፣ ሻይ ትሰጠዋለች፤ ዓይኑን ግን አታየውም።