ከምሳ በፊት ያለችው ሰዓት

ወንድሜ ከስፔን ይዞት የመጣው መጠጥ ቬርሙት ይባላል። ቀይ ነው፤ ያውም ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ። ኮምቦልቻ ባረፈበት ሆቴል በረንዳ ላይ በረዶ ጨምሮ፣ ብርቱካን በስሱ ቆርጦ ጣል አድርጎበት ሰጠኝ። መጀመሪያ እንደ ብርዝ ጣፈጠኝ፤ ወረድ ሲል እንደ ጌሾ መረረኝ።

«አሪቲ አለው እንዴ?» አልኩት።

«አሪቲም፣ ስሙን የማላውቀው ቅጠልም አለው። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል።»

«የኛ ሰው ፍላጎቱ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?»

ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን የጠራኝ ለቅምሻ እንዳልሆነ ገባኝ።

አባታችን ቄስ ነበሩ። ወንድሜን ለድቁና አብቅተውት ነበር። አንድ ጠዋት ሳይሰናበት፣ ሳይመረቅ ወጣና በሱዳን በኩል አድርጎ ባሕር ተሻገረ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደሴ ቤታችን ገብቶ ጉልበታቸው ላይ ሲወድቅ፣ መስቀላቸውን አውጥተው እንደማንኛውም ምእመን አሳለሙትና «እንኳን በሰላም መጣህ» አሉት። አልሳሙትም። በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ሆቴል ያዘ።

እዚያ አገር በአስተናጋጅነት በሚሠራበት ቤት፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከምሳ በፊት ሰው ከነቤተሰቡ መጥቶ ይቀመጣል አለኝ። አንዲት ብርጭቆ ቬርሙት፣ ሁለት ሦስት የወይራ ፍሬ፣ በቃ። ለመስከርም ለመጥገብም አይደለም። ከምሳ በኋላ ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ የከበደ ነገር የሚነገረው በዚያች ሰዓት ነው።

«ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት የሰው አባትና ልጅ ሳስተናግድ ኖርኩ» አለኝ። «አንዲት እሑድ እኔም ከአባዬ ጋር ልቀመጥ። ይቅር በሉኝ፣ መርቁኝ የምላቸው ያኔ ነው። ንገሪልኝ፣ እትዬ።»

ነገርኳቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና እምቢ እንዲሉም ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን «ከእህል በፊት ነው ያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እንግዲያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይምጣ። እህል ሳልቀምስ እጠብቀዋለሁ በይው።»

እንዲህ ፊታቸው ሲፈካ አይቼ አላውቅም። ለእኔ እንዲያ ፈክተው አያውቁም።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምሰጥ እኔ፣ እግራቸውን የማጥብ እኔ፣ «አባቴን ለማን ትቼ» ብዬ ለትዳር የጠየቀኝን ሰው የመለስኩ እኔ። እሱ ግን አንድ ጠርሙስ ይዞ ሰተት ብሎ ሊገባ ነው። ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ተራራ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ስወርድ በየኩርባው ውሸቴን እያሰማመርኩ ነበር።

«አልፈልግም ብለዋል» አልኩት።

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። አታስቸግራቸው።»

አልተከራከረኝም። ቢከራከረኝ ኖሮ እውነቱን የማወጣ ይመስለኛል። ይህንንም ቢሆን ለራሴ ማጽናኛ ብዬ ይሆናል።

እሑድ ምሳውን ሠርቼ ከድኜ አስቀመጥኩና ማኅበር አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ምንም ማኅበር አልነበረብኝም። ጓደኛዬ ቤት ተቀምጬ ዋልኩ፤ ምን እንዳወራን እንኳ አላስታውስም። አመሻሽ ላይ ስመለስ ምሳው እንደተከደነ ነው። ወንበራቸው ወደ በሩ እንደዞረ ነው፤ አባቴ ግን ተነሥተው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል።

«መኪና አጥቶ ይሆናል» አሉኝ።

«ይሆናል» አልኩ።

ወንድሜ ጠርሙሱን ለሆቴሉ አስተናጋጆች ሰጥቶ በማግስቱ ተሳፈረ።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ ያቺ በቅሎ እኔ ነኝ። አባቴን ለብቻዬ ያስቀረሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ማዕድ ቀርበው ሁለት ሦስቴ ጎርሰው ይነሳሉ። ስለ ልጃቸው አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ከበዓሉ በኋላ እነግራቸዋለሁ ስል ሁለት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ዐረፉ።

ከአርባቸው በኋላ ወንድሜ ደወለ። ስለ ተዝካሩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ።

«አንዲት ሰዓት፣ እትዬ። አንዲት ሰዓት እንኳ ነፍገውኝ ሄዱ።»

ሙት እንዲወቀስብኝ መፍቀድ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅናቴንም፣ ውሸቴንም፣ እህል ሳልቀምስ እጠብቀዋለሁ ማለታቸውንም። ይሰድበኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ያዝኩ። ቢሰድበኝ ደግ ነበር። 

«እስከ ስንት ሰዓት ጠበቁኝ?» አለኝ።

ይህችን እንኳ ልመልስለት አልቻልኩም። እንዳላያቸው ብዬ ከቤት ወጥቼ ነበር።