ያላየሁት የቀበርቾ አበባ

አገር ቤት ቀበርቾ ያልታጠነ ሰው ብዙ አይገኝም። አበባውን አይተሃል ወይ ብትሉት ግን አብዛኛው ያፈጥባችኋል፤ ገበያ የሚወጣው ሥሩ ብቻ ነዋ! ሥሩ ከተነቀለ ደግሞ ተክሉ አለቀለት።

ባለቤቴ የዕፅዋት መምህር ነበር። በደርግ ጊዜ ለእኔ የተፈቀደው የመውጫ ቪዛ ለእሱ ተከለከለና ነፍሰ ጡር ሆኜ ብቻዬን ጅዳ ገባሁ። ስንለያይ ቡቃያ ያለው የቀበርቾ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ካበበ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ እኔ የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነው" አለኝ።

አል-ባላድ፣ የጅዳው አሮጌ ሰፈር፣ በተከራየኋት ክፍል በወተት ቆርቆሮ ተከልኩት፤ የአየር ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት። እኔ በላብ ስጠመቅ እሱ ሲነፍስበት ይውላል፤ አንዳንዴማ እቀናበት ነበር። ልወልድ ሳምንት ሲቀረኝ እሾሃማ ድብልብል እምቡጥ አወጣ። ካሜራ የሚያውሰኝ ሰው አገኘሁ፤ ምጡ ቀደመኝ።

ልጄን ታቅፌ ከሆስፒታል ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሊያርሱኝ ከመካ የመጡት የአባቴ እህት ከሰሉ ላይ አጎንብሰዋል።

"ሳምንት ሙሉ የመካን መንሱር ሰፈር ዞሬ ያጣሁትን ቀበርቾ እቤትሽ አገኘሁት፣ አልሐምዱሊላህ!" አሉኝ።

ቆርቆሮው ባዶ ነው። "እምቡጡስ?"

"ምን ያደርግልሻል? ኸላስ፣ ጣልኩት።"

"ማን ንቀሉ አለዎት!" ብዬ ጮህኩባቸው። አራስ ልጄ እጄ ላይ፣ እኔ ለቅጠል አለቅሳለሁ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

አክስቴ ከከሰሉ ቀና አላሉም። "መካ በገባሁ በዓመቱ ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። ቀበርቾ የሚሸጥልኝ አጣሁ። ሳላጥናት በሰባተኛው ቀን ሄደችብኝ። ያንቺንም እንደዚያ ልያት?"

ስለ እሳቸው ሲወራ ነው ያደግኩት፤ ልጅ መቅበራቸውን ግን ማንም አልነገረኝም። ልጄን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ወደ ጭሱ ጠጋ ሲያደርጓት አስነጠሳት፤ "የርሐሙኪላህ" ብለው መርቀዋት ሳቁ፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር።

ለባለቤቴ "አብቧል፤ ካሜራ አጣሁ" ብዬ ጻፍኩለት። "ቀለሙንስ?" ብሎ መለሰ። ከየት ላምጣ? ሳይፈነዳ ነው የተነቀለው። አገር ቤት በመስከረም የማውቀውን የአበባ ቀለም ይዤ "ቢጫ ነው" አልኩት።

ቢጫ ቀበርቾ እንደሌለ እኔ የሰማሁት ኋላ ነው፤ እሱ ከመጽሐፉ ያውቅ ነበር። በሚቀጥለው ደብዳቤው ግን ስለ አበባው አንድ ቃል አላነሳም፤ "ልጃችንን ሳሚልኝ" ብቻ ነበር ያለው።