ጥቁር የተቀባው ጊታር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሰላም ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ሻጩ አንገቱ ላይ ያለው ብርቅ እንጨት ነው ብሎኛል። እውነቱን ነው?» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ ከክሮቹ ሥር ጣት የሚመላለስበትን ጠፍጣፋ እንጨት ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። ቡናማ ነው፤ ጥቋቁር መስመሮች ይወርዱበታል። ሳቄ መጣ። ሀብቶም ትዝ አለኝ።

በንጉሡ ዘመን አሥመራ ነበርን። እኔ በአጎቴ የቤት ዕቃ መሥሪያ እንጨት እልጋለሁ፣ ማታ ማታ ከበሮ እመታለሁ። የእንጨቶቹን ስም ከጣሊያኖቹ ነው የወረስነው፤ ድፍን ጥቁሩ ኤባኖ፣ ሲፋቅ እንደ ጽጌረዳ የሚሸተው ቡናማ ደግሞ ፓሊሳንድሮ። ከሩቅ አገር በመርከብ ስለሚመጡ ቁራጫቸው እንኳ አይጣልም። አጎቴ የፓሊሳንድሮ ስባሪ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሳይቀር።

ሀብቶም ቀን ጨርቅ ይሸጣል፣ በበዓል ቀን የሙዚቃ ባንዳችን ጊታር መቺ ነው። ለተብርሃን የምትባል ልጅ ይወድ ነበር፤ እሷም ትወደዋለች። አባቷ ኣቦይ ወልዱ ግን ጊታር የሚመታ ሰው ሥራ የሚጠላ ሰው ነው ብለው ያምናሉ። በጥር ታላቅ እህቷ ስታገባ፣ ለተብርሃን ለምና እኛ እንድንጫወት አስደረገች። ሠርጉ ሲቃረብ የሀብቶም ጊታር አንገቱ ተሰነጠቀ።

ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ አሜሪካዊ ወታደር የራሱን እንደሚሸጥ ሰማንና ሄድን። ወታደሩ የጊታሩን አንገት እያሳየ ኤባኖ ነው አለን። በጣቴ ዳበስኩት።

«ኤባኖ ቢሆን ቀዳዳዎቹ እንዲህ በዓይን አይታዩም» አልኩት ሀብቶምን በትግርኛ። «ይሄ የተቀባ ነው።»

«ከሥሩስ ምንድነው?»

«ሳይፋቅ ማን ያውቃል?»

«እንግዲያው አይፋቅም። ጥቁሩ ያምራል። ኣቦይ ወልዱ ፊት ይዤው የምቆመው ይሄንን ነው።»

ሠርጉ ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር ነበር። የአሥመራ ጥር ጥላው ያንቀጠቅጣል፣ ፀሐዩ ይለበልባል፤ የዝግኒው ወጥ ሽታ ዳሱን ሞልቶታል፣ ስዋ የምንለው ጠላ ይቀዳል። እኛ ከጠዋት ጀምሮ አላረፍንም። ከሰዓት በኋላ የሀብቶም እጅ ማላብ ሲጀምር ቀለሙ ይለቅ ጀመር። እሱ አላየም። በጣቶቹ ግንባሩን ጠረገ፣ ቀጥሎ አፍንጫውን። ለተብርሃን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከከበሮዬ ኋላ ሆኜ እጁን እንዲያይ ምልክት ብሰጠው፣ አፍጥን ያልኩት መስሎት አፈጠነው። ሕዝቡ በደስታ አጨበጨበ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ኣቦይ ወልዱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሊያመሰግኑን መጡ። ሀብቶም ደንግጦ ጎንበስ አለና፣ በአክብሮት ክንዳቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ሲለቃቸው ጣቶቹ ሁሉ ጋቢው ላይ ታትመው ቀሩ።

«እንታይ እዩ እዚ፣ ወደይ?» አሉት፤ ምንድነው ይሄ ልጄ ማለታቸው ነው።

«የጊታሩ ቀለም ነው ኣቦይ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው እጁን ገልብጠው አዩት። የጣቶቹ ጫፍ ደድሯል፤ አንዱ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ረጅም ጊዜ ያዩት መሰለኝ።

«ጊታር መቺ አይሠራም እል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይሄስ የሠራ ሰው እጅ ነው። ለተብርሃን፣ ውሃ አምጪና አስታጥቢው።»

አስታጠበችው። እጅ መታጠብ ያን ያህል ጊዜ የሚወስድ መሆኑን የዚያን ቀን አወቅሁ።

ሰኞ የቀረውን ቀለም ቤንዚን በነካው ጨርቅ ጠረግነው። ከሥሩ ቡናማ እንጨት ብቅ አለ። ጠርዙን በቢላ ጫፍ ትንሽ ፋቅ ሳደርገው የጽጌረዳው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ አጎቴም መጋዙን ጥሎ መጣ። ፓሊሳንድሮ ነበር፣ እሱ ራሱ ካየው ሁሉ የተሻለ። ማን ምን ብሎ ጥቁር እንደቀባው አላወቅንም። አጎቴ እንጨቱን እያሻሸ ሲያደንቅ ሀብቶም ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር፤ ሽማግሌ ሊልክ ማንን ማንን እንምረጥ ይለኛል። በሚቀጥለው ጥር ለተብርሃንን አገባት። ሙሽራ ጊታር አይመታምና፣ በራሱ ሠርግ ላይ ሌላ ባንድ ተጫወተ፤ ቀኑን ሙሉ ስሕተታቸውን ሲቆጥር ዋለ።

ለሰላም ሻጩ እንዳልዋሸ ነገርኳት። ደስ አላት፤ በስንት ሊሸጥ እንደሚችልም ማሰብ ጀመረች። ድሮ እኔም እንጨት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ስሙን ነበር። አሁን በዕድሜዬ ስሙ ያን ያህል አያስቸኩለኝም። ጊታሩን መለስኩላትና «እስቲ ተጫወችልኝ» አልኳት። ገና ጀማሪ ናት፤ ጣቷን ያማታል፣ ክሩ ያመልጣታል። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ እስክትጨርስ አዳመጥኳት።