ያላየሁት ሕልም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ልናገር ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ጾም ስለመሻሬና ሰው ስለመሳደቤ ብቻ አውርቼ ተነስቻለሁ። ዋናውን ዋጥኩት። ለእናንተ መናገሩ የሚቀለኝ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ልጄን ሊያን ከባሕር ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ከእናቷ ጋር ስንለያይ እኔ ኦክላንድ ቀረሁ፤ ታክሲ እነዳለሁ። እናቷ ሊያን ይዛ ሌላ ከተማ፣ ሳን ሆዜ፣ ሄዳ አገባች። እንጀራ አባቷ ዳዊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ትሑት ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንታ ክሩዝ ባሕር ዳርቻ እየወሰደ ሰርፊንግ፣ ቦርድ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት፣ ያስተምራት ጀመር። እኔ ዋና አልችልም። ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ ልቤ ይርዳል።

አንድ ቅዳሜ "ጋሼ፣ መጥተው ይዩዋት" ብሎ ጋበዘኝ። ሄድኩና አሸዋው ላይ ከነጫማዬ ቆምኩ። ሊያ ቦርዷ ላይ በሆዷ ተኝታ ማዕበሉን ጠበቀች። ከዚያ ብድግ አለች። ልጄ ውሃ ላይ ቆመች! እጄን አነሳሁላት። እሷ ግን ዞራ ያየችው እሱን ነው።

አባት ልጁ ደስ ሲላት ይከፋዋል? እኔን ከፋኝ።

በማግስቱ እሑድ፣ እኔ ዘንድ በምትውልበት ቀን፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ "ሊያዬ፣ መጥፎ ሕልም አየሁ" አልኳት። ባሕር ሲወስድሽ አየሁ አልኳት። ስትጠሪኝ ሰማሁ አልኳት። ምንም አላየሁም። ሌሊቱን በቅናት ሲገላበጥ ላደረ ሰው ሕልም ከየት ይመጣል? ሁለተኛ ባሕር እንዳትገባ፣ ምክንያቱንም ለማንም እንዳትናገር በማርያም አስማልኳት። ሕልም እንደማይናቅ፣ በማርያም የማለ መሐላውን እንደማያፈርስ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ሁሉን በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ የዚያን ቀን በአማርኛ "ማርያምን" አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳዊት ደወለ። "ጋሼ፣ ሊያ ውሃ አልገባም ብላ ቁጭ ብላለች። ፎርስ ላደርጋት አልፈለግኩም። ለእርስዎ የነገረችዎት ነገር አለ?"

"ልጅ አይደለች? ሰልችቷት ይሆናል" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ይህንንም ጨምሩበት።

ሊያ አሁን ኮሌጅ ጨርሳለች። ባለፈው ሰመር ልደቷን ልናከብር ሁላችንም እዚያው ባሕር ዳርቻ ሄድን። ጓደኞቿ ውሃው ውስጥ ይንጫጫሉ፤ እሷ ቦርሳና ጫማቸውን ትጠብቃለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

"ዳድ፣ ያ ድሪም አሁንም ይመጣብሃል?" አለችኝ።

"አይ" ማለት ይበቃ ነበር። ግን ዳዊት ከውሃው ውስጥ እጁን እያውለበለበ "ነይ እንጂ!" ይላታል። እሷም ፈገግ ብላ ታየዋለች።

"አንዳንዴ" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። "ዶንት ወሪ፣ አልገባም" አለችኝ።

በልጅነቷ ስላደረግኩት ይቅር በሉኝ ልል ነበር የጀመርኩት። ያን ጊዜ ገና ቁስሌ አልደረቀም ነበር ልል እችል ይሆናል። ያለፈውን ሰመርስ ምን ልበለው? ልጄ አሸዋ ላይ የምትቀመጠው እኔ በሰላም እንድተኛ ብላ ነው። ክፋቱ፣ በሰላም እተኛለሁ።