ዋይፋዩን አጥፊው

ቦዳ ቦዳው፣ የኪራይ ሞተር ሳይክሉ፣ ከኢንተርኔት ሱቄ በር ላይ አወረዳቸው። ሽርጥ ያገለደሙ፣ የጎልቦ ቆላ አቧራ እስከ ቅንድባቸው የደረሰ ሽማግሌ ናቸው። በብብታቸው በተማሪ ሹራብ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዘዋል። ሌላው ደንበኛ ገና ሳይቀመጥ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፤ እሳቸው ግን ሹራቡን ሳይፈቱ፣ "ልጄ፣ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፊው" አሉኝ።

እኔ ያለሁባት የኬንያዋ ሞያሌ ድንበር ናት፤ ተደብቆ የሚገባባት ነገር ብዙ ነው። የሰው ዕቃ ይሆን እንዴ ብዬ ጠረጠርኩ።

"ምን ላድርግልዎ አባባ?"

"ፎቶዎቹን ወደ አንቺ ኮምፒውተር አሳልፊና አትሚልኝ። በፍላሽ ብቻ፣ በኔት አይሁን።"

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ኔት ማጥፋት አልፈለግሁም። "አይስጉ፣ የይለፍ ቃሉን ካልሰጠሁት አይገናኝም" አልኳቸው።

"ይገናኛል" አሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ አማርኛቸው የቦረና ቃና ያለው ነው። "ልጄ ለትምህርቱ እዚህ ይመጣ ነበር። ላፕቶፑ ቤትሽን ያውቀዋል።"

"ቢገናኝስ ምን ችግር አለው?"

የሹራቡን እጅጌ አንዴ አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት።

"ከተገናኘ በቻቱ ላይ ስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። እናቱ ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ ስልኳን ይዛ ያቺን ነጥብ ትጠብቃለች። በገዛ እጃችን ቀብረነው እንኳ ትጠብቃለች።"

ተነስቼ የዋይፋዩን ሶኬት ነቀልኩት። ቤቱን የሞላው ሰው ጮኸብኝ። ሽማግሌው ሹራቡን መፍታት የጀመሩት ያኔ ነው።